ያልተነካ የሚመስል አፍንጫ፦ ከጎንደር ለሚነሣ ሰው የአፍንጫ ውበት ቀዶ ጥገና ዕቅድ

አፍንጫውን ሊያሠራ ያሰበ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህል ይቀነሳል?» ብሎ ነው። እኔ ከሌላኛው ጫፍ እንዲጀምሩ እመክራለሁ፦ የትኛው ሳይነካ ይቆይ? ከሩቅ «ተሠርታለች» የሚያሰኝ አፍንጫ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የተነሣለት አፍንጫ ነው። ድልድዩ (ከግንባር እስከ ጫፉ ያለው የአፍንጫ ጀርባ) ከመጠን በላይ ተፍቆ የጎደጎደ፣ ጫፉ በሁለት ጣት የተቆነጠጠ የሚመስል፣ ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚታዩ። በደንብ የታቀደው ግን አይታወቅም። ለቅሶ ቤት ያገኘችዎት ዘመድ «ምነው ፊትሽ ፈካ አለ፣ ተስማምቶሻል» ብላ ምክንያቱ ሳይገባት ታልፋለች።

እዚያ ለመድረስ የቀዶ ጥገናው ዕለት ራሱ ትንሹ ክፍል ነው። ሥራው የሚጀምረው ከወራት በፊት ነው፤ እንዳመጣጡ እንሂድበት።

አንድ፦ ቅሬታዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ወረቀት ያውጡና የማይወዱትን ነገር ይጻፉ። «አፍንጫዬ አያምርም» ብሎ ነገር ለሐኪም ምንም አይነግረውም። «ከጎን ስታይ ድልድዩ ላይ ጉብታ አለ»፣ «ስስቅ ጫፉ ወደ ታች ይወርዳል»፣ «ኳስ ስጫወት ተሰብሮ ወደ ግራ ዞሯል»፣ «ድልድዩ ደፍጣጣ ነው፣ መነጽር አይቆምልኝም» የሚሉት ግን ይነግሩታል። ሁለት ቅሬታ ካለ የሚብሰውን ያስቀድሙ። ወረቀቱን አስቀምጠው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ሳያዩ እንደገና ይጻፉ። አንድ ዓይነት ከወጣ ጥሩ ምልክት ነው። በየጊዜው ሌላ ሌላ የሚወጣ ከሆነ ግን ቀጠሮ ለመያዝ አይቸኩሉ።

ሌላ ሰው ዓይን ውስጥ እንኳን የማይገባ ነገር በቀን ሰዓታት መስታወት ፊት የሚያቆምዎት ከሆነ፣ በእሱ ምክንያት ሰርግና ማኅበር የሚቀሩ ከሆነ፣ ይህ ባዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር የሚባል የታወቀ የአእምሮ ጤና ችግር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው አሥር ጊዜ ቢሠራም አይረካም። መጀመሪያ የሥነ አእምሮ ሐኪም ማየት ይቀድማል፤ ኃላፊነት የሚሰማው ቀዶ ሐኪምም ወደዚያው ነው የሚልክዎት።

የፊት አጥንት አድጎ መጨረስ አለበት፤ ሴቶች ላይ 16 ዓመት ገደማ፣ ወንዶች ላይ ከዚያ ትንሽ ዘግየት ይላል። የ14 ዓመት ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ «ጠብቁ» ቢባል አይቆጣ። እጮኛዬ ስላለኝ ነው፣ በሠፈር «ጎራዳ» እያሉ ስለሚጠሩኝ ነው የሚል ምክንያት ብቻውን ሲመጣም እኔ እፈራለሁ፤ እጮኛም ሠፈርም ይለወጣል።

ቤተሰብ መናገሩ አይቀርም። ሳሎን ውስጥ ነገሩ ሲነሣ አክስት ቡናውን ታስቀምጥና «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የአባትሽ አፍንጫ ምን በደለሽ?» ትላለች። አባባሏ ቢያስከፋም ውስጡ ቁም ነገር አለ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአያትዎን ፎቶ አውርደው ከራስዎ ፎቶ ጎን ያስቀምጡት። የቤተሰቡ መልክ የት ላይ ነው ያለው? የድልድዩ ከፍታ ላይ? ከግንባር የሚነሣበት ቦታ ላይ? የጫፉ ክብነት ላይ? ያንን ለይተው ካወቁ «ይህ አይነካ» የሚሉት የመጀመሪያው ነገር ተገኘ ማለት ነው።

ሁለት፦ ሰልፊን አይመኑ

ብዙ ሰው አፍንጫውን የጠላው በገዛ ስልኩ ነው። ካሜራ ፊት ሲጠጋ ለእሱ የቀረበውን ያገዝፋል፤ ፊት ላይ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ የወጣው አፍንጫ ነው። በ2018 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በስሌት እንዳሳዩት 30 ሴንቲ ሜትር ላይ የተነሣ ፎቶ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ከተነሣው ጋር ሲወዳደር የአፍንጫን ወርድ 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። በክንድ ርዝመት የሚነሣ ሰልፊ ለዚያ ቅርብ ነው።

ስለዚህ ሌላ ሰው ያንሣዎት። ጠዋት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታዎት፣ ነጣ ያለ ግድግዳ ከኋላ አድርገው ይቁሙ። ፀጉር ወደ ኋላ ይታሰር፣ ነጠላውም ሻሹም ከአንገት ይውረድ፣ ሜካፕ አይኑር፣ ፊት አይፈገግ። አንሺው ወደ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ስልኩን በአፍንጫዎ ከፍታ ልክ ይዞ፣ ዙሙን ሁለት እጥፍ አድርጎ ያንሣ። ፊት ለፊት፣ ከቀኝ ጎን፣ ከግራ ጎን፣ ከሁለቱም ወገን ገደድ ብሎ፣ በመጨረሻም አገጭ ቀና ተደርጎ ከታች ቀዳዳዎቹ እንዲታዩ፤ ስድስት ፎቶ ማለት ነው። በተጨማሪም እየሳቁ አንድ ከጎን ይነሡ፤ ሲስቁ የሚወርድ ጫፍ የሚታየው እዚያ ነው። እነዚህን ፎቶዎች አይተው ሐሳባቸውን የተዉ ሰዎች አሉ፣ በነጻ የተገኘ ሕክምና ነው።

ሦስት፦ ቆዳዎን ይወቁ

አብዛኛው መመሪያ ይህን በሁለት መስመር ያልፈዋል። እኔ ግን ውጤቱ ተፈጥሯዊ መምሰል አለመምሰሉ ከሁሉም በላይ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

የአፍንጫ የላይኛው ሲሶ አጥንት ነው፣ የቀረው እንደ ጆሮ የሚተጣጠፍ ልም አጥንት። ከላይ ቆዳው ይለብሰዋል። ቆዳው በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይደለም፤ በአንድ አፍንጫ ላይ እንኳን ድልድዩ መሀል ላይ ይሳሳል፣ ጫፉ ላይ ይወፍራል። የጫፉን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ያንቀሳቅሱት። ቅባት የሚበዛው፣ የላብ ቀዳዳዎቹ ጎልተው የሚታዩ፣ ከሥሩ ያለው ልም አጥንት ጠርዝ ጭራሽ የማይዳሰስ ከሆነ ወፍራም ነው። የጫፉ ሁለት ልም አጥንቶች ለጣት የሚለዩ ከሆነ ስስ ነው። ስስ ቆዳ እንደ ነጠላ፣ ወፍራሙ እንደ ጋቢ ነው፦ ነጠላ የለበሰ ወንበር መደገፊያው፣ ክንዱ፣ ስንጥሩ ሳይቀር ይለያል፤ ጋቢ የለበሰው ግን ወንበር መሆኑ ብቻ ነው የሚታወቀው።

ወፍራም ቆዳ ያለው ሰው «ጫፉን አሳንሱልኝ» ሲልና ሐኪሙም ከሥር ልም አጥንቱን ቆርጦ ሲያነሣ ቆዳው አብሮ አይሰበሰብም። ባዶ የቀረው ቦታ በጠባሳ ይሞላል፤ ከጫፉ ከፍ ብሎ ያበጠ፣ እንደ በቀቀን መንቁር ወደ ታች የተቆለመመ አፍንጫ ይወጣል። እንዲህ ላለው ቆዳ ጥሩ ሐኪም የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው የአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ፣ ከጆሮ ወይም ከጎድን ልም አጥንት ወስዶ ጫፉን ከውስጥ ያጠናክራል፣ ትንሽ ወደ ፊት ያወጣዋል፤ ቆዳው ሲወጠር ነው ቅርጹ የሚታየው። ቀጭን እንዲመስል ተጨመረበት ማለት ነው፤ የማያውቅ ሰው ሲሰማው ይስቃል። ስስ ቆዳ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፦ ከሥር ያለች እያንዳንዷ ጠርዝ ከዓመት በኋላ ብቅ ትላለች፤ ስለዚህ ማለስለሱና መሸፈኑ ጊዜ ይወስዳል።

ጉብታ ላለው፣ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር መነሣቱ ከጎን ሲታይ ትልቅ ለውጥ ነው። ጉብታው ሲፋቅ ድልድዩ ከላይ ክፍት ጣሪያ ስለሚሆን፣ ብዙ ጊዜ የጎኑ አጥንት ተቆርጦ ወደ መሀል ይጠጋል። እዚህ ላይ የመሀሉ ልም አጥንት ካልተደገፈ ከጊዜ በኋላ ድልድዩ ላይ የተገለበጠ ቪ የሚመስል ጥላ ይወጣል፣ ትንፋሽም ይጠባል፤ የአፍንጫ ጠባቡ በር እዚያ ነውና። መካከለኛው ግድግዳም እንዲሁ ዝም ብሎ አይወሰድም። ከፊትና ከላይ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተሸካሚ ሆኖ መቅረት አለበት፤ ካልቀረ ድልድዩ እንደ ኮርቻ ይሰምጣል።

ደፍጣጣ ድልድይ ላለው፣ የሚነሣ የለም፤ የሚጨመር ነው ያለው። በራስ ልም አጥንት መጨመር ሥራው ከባድ ነው፤ ከጎድን የተወሰደው ደግሞ አንዳንዴ ይጣመማል። ሲሊኮን ቀላልና ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ባዕድ ነገር ስለሆነ ከዓመታት በኋላም ሊመረቅዝ ወይም ቆዳውን ገፍቶ ሊወጣ ይችላል። እኔ ብጠየቅ የራስን እመርጣለሁ።

በመጽሐፍ የሚጠቀሱ ልኬቶችም አሉ። የክንፎቹ (የቀዳዳዎቹ የውጭ ጎኖች) ወርድ በሁለቱ ዓይኖች ውስጠኛ ማዕዘን መካከል ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሁን፣ አፍንጫ ከላይኛው ከንፈር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ለወንድ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ፣ ለሴት ከ95 እስከ 110 ይሁን ይባላል። የመጀመሪያው ልክ ከአውሮፓውያን ፊት የተወሰደ ነው፤ የእኛን ሰው በዚያ ከርክሞ ማስገባት ፊትን ያበላሻል። ሁለተኛው ጠቃሚ ነው፤ ወንድን ከ100 በላይ ያነሣ ሐኪም መልኩን የሴት ያደርግበታል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያየ ሰው፣ እነዚያ ዓይናማ መላእክት ሁሉ አንድ ዓይነት ሰልካካ አፍንጫ እንዳላቸው ያስተውላል። ለጣሪያ ያምራል። ከአራዳ እስከ አዘዞ ያለው ሰው ሁሉ እንዲያ ይሁን ቢባል ግን ማን ማንን ይለያል?

አራት፦ ምኞትዎን ወደ ልክ ይመልሱ

የተዋናይት ፎቶ ይዞ መሄድ አይከለከልም፣ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። እኔ የምመክረው የማይፈልጉትን አፍንጫ ሦስት ፎቶ ይዘው መሄድን ነው። «እንዲህ እንዳይሆን» የሚለው ከ«እንዲህ ይሁን» ይልቅ ለሐኪሙ ግልጽ ወሰን ይሰጠዋል። ከሁለተኛው ደረጃ የጎን ፎቶዎን አትመው በእርሳስ የሚፈልጉትን መስመር ይሣሉበት፤ ብዙ ጊዜ ለውጡ ከጠበቁት ያነሰ ሆኖ ያገኙታል። የስልክ መተግበሪያ ግን ይተዉት። መተግበሪያ ቆዳ አያውቅም፣ ልም አጥንት አያውቅም፤ በጣት ገፋ ሲያደርጉት የማይሆነውን ሁሉ እሺ ይላል። ሐኪም በኮምፒውተር የሚያሳይዎት ምስልም መነጋገሪያ እንጂ ውል አይደለም።

አገጭንም ይመልከቱ። አገጭ ወደ ኋላ የገባ ከሆነ አፍንጫ ሳያጠፋ ትልቅ ይመስላል።

አምስት፦ መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ሐኪም

ጎንደር ሆነው የሚጨርሱት ሥራ አለ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡና አፍንጫዎን ከውስጥ ያስመርምሩ። መካከለኛው ግድግዳ ተጣሟል? አለርጂ አለ? ሳይነስ? ሌሊት በአፍ ነው የሚተነፍሱት? ግድግዳው የተጣመመ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከውበቱ ሥራ ጋር በአንድ ሰመመን ይስተካከላል፤ ለውበት ብቻ ተከፍቶ ለትንፋሽ ደግሞ ሌላ ጊዜ መከፈት ድርብ ድካም ነው። የምርመራውን ወረቀት ይያዙት።

ለውበት ሥራው ብዙዎች ወደ አዲስ አበባ፣ አቅም ያለው ወደ ኢስታንቡል ወይም ወደ ሕንድ ይሄዳል። የትም ይሁን፣ የሚፈልጉት ሰው የፕላስቲክ ሰርጀሪ ወይም የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ሆኖ በአፍንጫ ሥራ ላይ የሚያዘወትር ነው። ፕላስቲክ ሰርጀን መሆን ብቻውን አይበቃም፤ በአገራችን ብዙዎቹ ቃጠሎና የተሰነጠቀ ከንፈር በማከም የተጠመዱ ናቸው፤ የተከበረ ሥራ ነው፣ አፍንጫ ግን ሌላ እጅ ይጠይቃል። የታደሰ የሙያ ፈቃዱን ለማየት መጠየቅ ነውር የለበትም። የሚሠራበት ተቋም የሰመመን ባለሙያና የድንገተኛ ዝግጅት ያለው መሆኑንም ይጠይቁ።

ጥሩ ሐኪም ዘንድ ንግግሩ እንዲህ ሲሄድ ይሰማል፦

«ዶክተር፣ ቀጠን ይበልልኝ።»
«ከየት ላይ?»
«ሁሉም።»
መስታወት ያቀብላል። «ከዚህ ውስጥ ደስ የሚልሽ የቱ ነው?»
ዝምታ። «ከላይ ሲነሣ… እዚህ ጋ።»
«እንግዲያው እሱን አንነካም። ከሱ በታች ያለውን እንነጋገር።»

እንደዚህ የሚጠይቅ ሐኪም ካገኙ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። «ምንም ችግር የለም፣ የፈለጉትን እናደርጋለን» የሚል ካጋጠመዎት ግን ቦርሳዎን ይዘው ይውጡ።

የሚጠይቋቸውን ጽፈው ይግቡ። የእኔን የሚመስል ቆዳ ያላቸው ታካሚዎችን ፎቶ ያሳዩኝ፤ የሦስት ሳምንቱን አይደለም፣ ከዓመት በኋላ ያለውን፤ ፊት ለፊቱንም ጭምር፣ ምክንያቱም ጎን ብቻ የሚያሳይ ብዙ ይደብቃል። ክፍት ነው ዝግ? ክፍት የሚባለው በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ባለው ዘንግ ላይ ትንሽ ተቆርጦ ቆዳው የሚነሣበት ነው፤ ዝጉ ሁሉን ከውስጥ ይሠራል። አንዱ ከአንዱ በጥቅሉ አይበልጥም፤ ለጫፍ ከባድ ሥራ ክፍቱ ይመቻል። ክንፎቹ ይጠብባሉ ወይ? ከሆነ ጠባሳው የት ይውላል? በጆሮ መበሳት ወይም በቁስል ምክንያት ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) አውጥተው የሚያውቁ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። እንደገና መሥራት ቢያስፈልግ ማን ይከፍላል? በሠለጠነ እጅም ቢሆን ከመቶ ታካሚ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት የሚሆነው ዳግመኛ ይሠራል ተብሎ በዘርፉ ይነገራልና ጥያቄው ሟርት አይደለም።

ስለ ፊለር አንድ ነገር ልበል። በቴሌግራምና በቲክቶክ «ያለ ቀዶ በአሥር ደቂቃ» እየተባለ የሚሸጠው እሱ ነው። ድልድይ ላይ በመርፌ የሚሞላ ጄል ነው፤ ለትንሽ ጉድጓድ በሠለጠነ ሐኪም እጅ ይሠራል፣ ከወራት በኋላም ይጠፋል። ነገር ግን አፍንጫን አያሳንስም፤ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ደግሞ ቆዳውን ሊገድለው፣ ዓይንንም ሊያሳውር ይችላል። አፍንጫ ለዚህ አደጋ ከታወቁት የፊት ቦታዎች አንዱ ነው። የውበት ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጠው አፍንጫዎን ለመርፌ አይስጡ። ጄሉን የሚያሟሟው መድኃኒት በክሊኒኩ ውስጥ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፣ የሚጠራጠር ፊት ካዩ በዚያው ይመለሱ።

ስድስት፦ ቀኑንና ብሩን ያስሉ

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። የሚረሱት ግን ሌላ ነው፦ የሰመመን ክፍያ፣ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ የአስታማሚ ማረፊያ፣ የክትትል ጉዞ፣ ለዳግም ሥራ የሚቀመጥ ጥቂት ብር። አዲስ አበባ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት እንደሚቆዩ አድርገው ያስሉ፤ ከላይ የሚታሰረው ሽፋን በሳምንት ገደማ ነው የሚነሣው፣ በአውሮፕላን ለመመለስም ፈቃድ የሚሰጡት ሐኪሙ ናቸው። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እየተንገጫገጩ መመለስ ለትኩስ አፍንጫ አይሆንም፤ ከአዘዞ አየር ማረፊያ ወዲያና ወዲህ ቢከፍሉ ይሻላል።

ቀኑን ሲመርጡ የጎንደርን ዓመት በዓይነ ሕሊናዎ ያዙሩት። ጥር ለሰርግና ለጥምቀት ነው። ጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ባለው ግፊያ ውስጥ አንድ ክርን ቢያገኝዎት ሥራው ሁሉ ፈረሰ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ከዚያ ይራቁ። የራስዎ ሰርግ ጥር ላይ ከሆነ ባለፈው ሐምሌ ሠርተው ለመድረስ አይሞክሩ። በስድስት ወር አብዛኛው እብጠት ቢወርድም ጫፉ ገና ነው፣ የሰርግ ፎቶ ደግሞ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ክረምት ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ለተማሪና ለመምህር ይመቻሉ፤ ፀሐዩ በደመና የተሸፈነ ነው። ጉንፋን ግን አለ፤ ጉንፋን ይዞዎት ከሆነ ቀኑን ያስተላልፉ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እየጾሙ ቁስል ማዳን ይቻላል፣ ግን ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ በደንብ መብላት ይጠይቃል፤ ደም ማነስ ያለባት ሴት ከጾሙ ማግስት ገብታ ባትሠራ ይሻላል። ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው የሚሉት አያጡም።

ሰባት፦ ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሮ

ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ ይቁም፣ ከዚያም በኋላ አራት ሳምንት። ትምባሆ የቆዳውን ትንንሽ ደም ሥሮች ያጠባል፤ ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ሊሞት የሚችለው በዚህ ነው። ጫትም ይቁም፤ የደም ግፊትና የልብ ምት ስለሚጨምር ከሰመመን ጋር አይስማማም። «ትንሽ ነው የምቅመው» ብለው አይደብቁ፣ የሰመመን ባለሙያው የሚጠይቀው ሊወቅስዎት አይደለም።

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ደም ስለሚያቀጥኑ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይቆማሉ፤ ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ከሆነ ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አያቁሙ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ለመድኃኒት ብለው በብዛት የሚወስዱት ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ዝንጅብልም ለሐኪሙ ይነገር። ወጥ ውስጥ የገባው ሳይሆን ጠዋት ጠዋት በማንኪያ የሚዋጠው ነው የሚያሳስበው። አረቄና ጠላም ይቅር።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ጠጣር ምግብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት አይበላም። ቡና አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው በባዶ ሆዱ ራሱን ስለሚያመው ሳምንቱን ሙሉ እየቀነሰ ቢመጣ ይቀለዋል።

ስምንት፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ሰመመን ይሠራል፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ የጎድን ልም አጥንት ከተወሰደ ይረዝማል። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚባለው እዚህ በቁሙ ነው፦ አጥንት ከተቆረጠ ዓይን ሥር ይጠቁራል፣ ቆቡ ያብጣል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ሕመሙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ የሚያስመርረው በአፍንጫ መተንፈስ አለመቻሉ ነው።

ሁለት ሦስት ትራስ ደርበው፣ ራስ ከፍ ብሎ፣ በጀርባ ይተኙ። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጉንጭ ላይ እንጂ አፍንጫ ላይ አይደረግም። ንፍጥ አይነፈጥ፤ ሲያስነጥስዎት አፍዎን ይክፈቱ። ጨዋማ የአፍንጫ ውኃ ከፋርማሲ ገዝተው በታዘዘው መጠን ይጠቀሙ፤ የቧንቧ ውኃ በጨው በጥብጦ መክተት አይሆንም። ከጥቅምት በኋላ የጎንደር አየር ደረቅ ነው፣ ከተማውም ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ውስጡ ቶሎ ይደርቃል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱን በጣት መንቀል ደግሞ ያደማል።

ቤትዎን የሚያስተካክለው ሰው እንዲያውቀው፦ በርበሬ ሲቁላላ፣ ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ እርስዎ ሌላ ክፍል ይሁኑ። እንግዳ ይመጣል፤ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ብሎ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራቴ መሳሙ ነው የሚያሰጋው። በሩ ላይ የሚያስጠነቅቅ ሰው ይኑር፣ ወይም እርስዎ ቀድመው እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ ይበሉ። ጭንዎ ላይ የሚወጣ ሕፃን ካለ ለጊዜው ለሌላ ይሰጥ፤ የሕፃን ጭንቅላት ስንቱን አፍንጫ ነው ያጠመመው። ስግደት ለሦስት ለአራት ሳምንት ይቆይ፤ ሙስሊም ከሆኑም ሱጁድ ግንባርና አፍንጫ ምድር ስለሚያስነካ እስኪፈቀድ ተቀምጠው ይስገዱ። መነጽር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ድልድዩ ላይ አይረፍ።

የማይቆም ደም፣ ከ38 ዲግሪ የሚበልጥ ትኩሳት፣ የእይታ መደብዘዝ፣ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከአንድ ቀዳዳ መንጠባጠብ፣ ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከውስጥ እብጠት ጋር ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጎንደር ከተመለሱ በኋላ በማታ ባጃጅ አይገኝ ይሆናል፤ መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ ቀድሞ ይያዝ።

ዘጠኝ፦ መስታወቱና ወራቱ

ሽፋኑ በተነሣ ዕለት መስታወት ሲሰጥዎት የሚያዩት አፍንጫ የእርስዎ አይደለም። ያበጠ ነው፣ ጫፉ ወደ ላይ ተንጋሏል፣ ከበፊቱም የሰፋ ሊመስል ይችላል። ጫፉ ይደነዝዛል፣ ስትስቅ የላይኛዋ ከንፈር ግትር ብላ «አሳሳቄ ተበላሸ» ብላ ያለቀሰች ብዙ ናት፤ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ያን ዕለት ፎቶ ተነሥተው ለማንም አይላኩ።

በሦስት ወር ሰው ፊት መቅረብ ይመቻል። በስድስት ወር ድልድዩ ይለያል። በዓመት ውጤቱ ይታወቃል፤ ወፍራም ቆዳ ያለው ግን ዓመት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይጠብቃል። ጠዋት ያበጠ ሆኖ ማታ ይቀንሳል፣ ጨው የበዛበት ወጥ በልተው ያደሩ ዕለት ይብሳል፤ ይህ ሁሉ የተለመደ ነው። ከጫፉ በላይ ያለው እብጠት አልወርድ ሲል ሐኪሙ ትንሽ የስቴሮይድ መርፌ ሊሰጥ ይችላል። ማሸት የሚባለውን ግን በታዘዘልዎት መንገድ ካልሆነ አይሞክሩት።

ፀሐዩን አይናቁ። በእኛ ከፍታ በደመናም ቀን ያቃጥላል፤ ትኩስ ጠባሳና የበለዘ ቆዳ ደግሞ ይጠቁርና እንደጠቆረ ይቆያል። ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰን ስክሪን፣ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ ወይም የእናቶቻችን ጃንጥላ ዓመቱን ሙሉ ይያዝ።

በየሦስት ወሩ በሁለተኛው ደረጃ ባነሣነው አኳኋን፣ በዚያው በረንዳ፣ በዚያው ርቀት ስድስቱን ፎቶ ይነሡ። የቀረ ነገር ካለ የሚያወራው ይህ ነው። ዳግም ሥራ ቢያስፈልግ ቢያንስ ዓመት ሳይሞላ አይነካም፤ ከዚያ በፊት ላስተካክልልዎ የሚል ሐኪም ቢገኝ እንኳ እምቢ ይበሉ። ከክሊኒኩ ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ቅጂ ይጠይቁ፤ ልም አጥንቱ ከየት እንደተወሰደ፣ ምን እንደተነሣ፣ ምን እንደተጨመረ የሚገልጸውን። ዓመት ቆይቶ ሌላ ሐኪም ቢያይዎት መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ወረቀት ነው፤ ከፓስፖርትዎና ከዲግሪዎ ጋር አንድ ላይ ያኑሩት።